የአፍንጮ ጨው

መስከረም 19 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለሚዛኑ፣

የምትወጣበትንም የምትገባበትንም በር ፈጣሪ ይጠብቅልህ። እኔ ከጆሮዬ በስተቀር ደህና ነኝ። ስልኩን ከተውኩት ቆየሁ። ደዋዩ ይጮኻል፣ እኔ «እ?» እላለሁ፣ ከእኔ በቀር ጎረቤቱ ሁሉ ጉዳያችንን ይሰማል። ዕድሜዬን በፍርድ ቤት መዝገብ ክፍል የጨረስኩ ሴት በመሆኔ ደግሞ በጽሑፍ ያልሰፈረ ነገር እንደተነገረ አልቆጥረውም። ስለዚህ ወደ ደብዳቤ ተመልሻለሁና ታገሠኝ።

ጉዳዬ አንድ ነው፤ ልጄ አፍንጮ። አፍንጮ የሚጽፍልኝ ደብዳቤ አሁን አሁን ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። «ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቷል፣ አታስቢ» ይላል። ስልኩንም ለውጧል አሉኝ፤ አዲሱን ቁጥር ለማንም አልሰጠም። ያለኝ አድራሻ ያ የሚሠራበት የህንድ ምግብ ቤት ብቻ ነው። እንደምታውቀው ሳህን አጣቢ ሆኖ ገባ፣ ከዚያ ሽማግሌው ህንዳዊ ባለሙያ ወደዱትና አጠገባቸው አቁመው አስተማሩት። ሽማግሌው ታምመው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ምድጃውን ለእሱ አስረክበው እንደሄዱ የጻፈልኝ ዕለት ደብዳቤውን ለመንደሩ ሁሉ አንብቤያለሁ። ያን ጊዜ አራት ገጽ ነበር የሚጽፈው።

አንተ ያለህበት ከተማ ከእሱ በባቡር ሩቅ እንዳልሆነ አጫውተኸኛል። አንድ ቀን ሂድ፣ እንደማንኛውም ሰው ተቀመጥና ብላ፣ ልጄንም በዓይንህ እየው። ከስቶ እንደሆነ፣ ወፍሮ እንደሆነ፣ ሲስቅ ጥርሱ ይታይ እንደሆነ። እኔ እንደላክሁህ ግን አትንገረው፤ «ሰላይ ላከችብኝ» ብሎ ይኮራመታል።

ደስ የሚለኝን ሳይሆን ያየኸውን ጻፍልኝ። ሁላችንም አንድ ኪሎ ብለን የተቀበልነውን ስኳር አንተ በልጅነትህ «ሃያ ግራም ይጎድለዋል» እያልክ ባለሱቁን ታስመርረው ነበር፤ ሚዛኑ የሚለው ስም የወጣልህም በዚያ ነው። ከአንተ ሌላ የማምነው ዓይን የለኝም።

መንገድህ የቀና ይሁን።

አክስትህ


ጥቅምት 26 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

ዕድሜና ጤና እየተመኘሁ፣ ደብዳቤዎ በደህና እንደደረሰኝ በቅድሚያ እገልጻለሁ። መልሴ የዘገየው በቸልታ አይደለም። በሙያዬ አንድ ጊዜ ብቻ የተወሰደ ልኬት ልኬት ተብሎ አይመዘገብም፤ ስለዚህ በሁለት የተለያዩ ቅዳሜዎች ሄጄ፣ ማወዳደር እንድችል በሁለቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ምግብ አዝዣለሁ።

ቤቱ ያምራል። ወንበሮቹ ቀይ ከፋይ የለበሱ ናቸው፤ መብራቱ ደብዛዛ ስለሆነ ሜኑውን ለማንበብ ሻማውን ወደ ራሴ ማስጠጋት ነበረብኝ፤ ዋጋዎቹ ግን በደብዛዛ መብራትም ይነበባሉ። አንድ ሰው እዚያ አንዴ የሚበላበት ሂሳብ እኔን ለሳምንት አስቤዛ ይበቃኛል። ምግቡ የሚቀርበው በነሐስ ጎድጓዳ ሳህን ነው። ሳህኑ ከውጭ ሲታይ ትልቅ ነው፤ ሳነሳው ግን ክብደቱ አጠራጠረኝና በጣቴ ነካ ነካ ሳደርገው ግድግዳው ድርብ፣ መሐሉም ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ሩዙም በስኒ ተገልብጦ ስለሚቀመጥ ክምር ይመስላል። እነዚህን የማነሳው ለወቀሳ ሳይሆን ቤቱ ምን ዓይነት እንደሆነ እንዲረዱልኝ ነው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ዳል የሚሉት የምስር ምግብ ጨው የሚባል ነገር አልነካውም። ዶሮው ላይ የተጨመረው ቅርንፉድ ምላሴን አደነዘዘው። በሁለተኛው ቅዳሜ ያው ምስር በጨው ብዛት የሚዋጥ አልነበረም። ውሃ ደጋግሜ አዘዝኩ፤ ውሃውም ይከፈልበታል። ከአጠገቤ ባልና ሚስት ተቀምጠው ነበር። ሚስቲቱ ማንኪያዋን አስቀምጣ «ይሄን ያህል የከፈልነው ለምኑ ነው?» ብትለው፣ ባልየው «ለመብራቱ ነዋ» አላት፣ «እሱንም ቆጥበውብናል።»

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እመጣለሁ። ልጅዎን አላየሁም። አስተናጋጁን በስሙ ጠርቼ ብጠይቀው እንዲህ ያለ ሰው የለም አለኝ። «የአገሬ ሰው ነው፣ ወጥ ቤት ውስጥ ይሠራል» ብለው ጊዜ ደረቱን ነፍቶ «ጌታዬ፣ ወጥ ቤታችን ያሉት በሙሉ ከህንድ የመጡ ናቸው። ዋናው ሼፍ ለነገሥታት ሲያበስል ከኖረ ቤተሰብ ነው» ብሎ መግቢያው ላይ የተሰቀለ ትልቅ ፎቶግራፍ አሳየኝ። ባለ ጥምጥም ሽማግሌ ናቸው።

«ፎቶው የቆየ ይመስላል» አልኩት።

«ሼፍ አያረጅም ጌታዬ» አለኝ።

ልጅዎ ከዚያ ቤት ለቆ አድራሻውን ብቻ ይጠቀምበት ይሆናል ብዬ የገመትኩት ያን ጊዜ ነው። ሂሳብ ልከፍል ስል የምግብ ቤቱ ባለቤት እያንዳንዱን ገበታ እየዞረ «ሁሉ ነገር መልካም ነበር?» እያለ ሲጠይቅ ወደ እኔም መጣ። ሰው ሁሉ «መልካም ነው» ይለው ነበር፤ ባልና ሚስቱም ጭምር። እኔ ግን የተጠየቅሁትን መለስኩ። ባለፈው ጨው እንዳልነበረው፣ ዛሬ ከእጥፍ በላይ እንደተጨመረበት፣ ቅርንፉዱም ልክ እንደሌለው በትሕትና ነገርኩት።

«የምግብ ባለሙያ ነህ?» አለኝ።

«አይደለሁም፤ የሚዛን ባለሙያ ነኝ።»

አጭር ሳቅ ስቆ፣ ፊቱን ወዲያው አጨፍግጎ በተወዛዋዡ በር ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት የድስት ክዳን ወድቆ ሲንከባለል ብቻ ነው።

እንግዲህ ልጅዎ እዚያ የለም ብዬ ለመደምደም ማስረጃዬ በቂ አይደለም፤ አለ ለማለትም አንዳች አላገኘሁም። ይህን ብቻ ይዤ በመመለሴ አፍሬያለሁ።

አክባሪዎ፣ ሚዛኑ


ኅዳር 21 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

እንደ አባትህ ዕድሜ የጠገብክ፣ ከአባትህ ይልቅ ዕረፍት ያለህ ሁን። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ነገር ዓለሙ የዞረብኝ ግን የልጄ ደብዳቤ በማግስቱ ሲመጣ ነው።

ልጄ እዚያው ነው። እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፤ ቃሉን እንዳለ እገለብጥልሃለሁ። «ሰሞኑን ትንሽ ከብዶኛል። አንድ ደንበኛ ምግቡን እንደ መድኃኒት መዝኖ ለባለቤቱ ነገረው፤ ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ ትከሻዬ ላይ ቆሞ ነው የሚውለው። አታስቢ።»

ያ ደንበኛ ማን እንደሆነ አልጠይቅህም። እውነቱን እንድትናገር ያዘዝኩህ እኔ ነኝ፤ ለማን እንደምትናገር ግን አላልኩህም። ይህን የምጽፈው ላስከፋህ አይደለም።

ሌላ ነገር ግን አለ። አፍንጮን ለምን አፍንጮ እንዳልነው ታስታውሳለህ። አጎትህ ከሥራ ሲመለስ ገና በሩ ሳይከፈት «አባዬ ዛሬ ጋራዥ ነበር» ይል ነበር። ወተት ሊበላሽ ሲል እኛ ሳናውቅ እሱ ያውቃል። እዚያ ከሄደ በኋላም ደብዳቤዎቹ ሽታ ብቻ ነበሩ። ሽማግሌው ከሙን ሲያምሱ ምን እንደሚሸት፣ ዝናብ የመታው የባቡር ጣቢያ ምን እንደሚሸት፣ ሄልና የአባቱ ካፖርት ምን እንደሚያመሳስላቸው። ትናንት ሁሉንም ደብዳቤዎች እንደ መዝገብ በቀን ደርድሬ አየኋቸው። ባለፈው ዓመት በዚያ ክፉ ትኩሳት ከታመመ ወዲህ ስለ ሽታ አንድ ቃል አልጻፈም። ስለ ጣዕምም እንዲሁ። አንተ ደግሞ ዛሬ ጨው የለም፣ ነገ ጨው በዛ ትለኛለህ።

የምፈራውን ነገር በጽሑፍ ማስፈር አልፈልግም። ገብቶሃል።

ልጄ ሌላ ሙያ የለውም። በፊት ለፊት በር አትሂድ፤ በጓሮ በኩል ሂድና አግኘው። ባለቤቱ እንደገና ከጠየቀህ ደግሞ፣ እባክህ፣ እንደ ሰው ሁሉ መልስ።

አክስትህ


ታኅሣሥ 29 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤናዎን ይጠብቅልኝ። ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ብዙ ቀን ብዕር ማንሳት አልቻልኩም። ይቅርታ መጠየቅ ቀላል ነው፤ የተናገርኩትን ከባለቤቱ ጆሮ ማውጣት ግን አልችልም።

እንዳዘዙኝ በጓሮ ሄድኩ። ከምግብ ቤቱ ጀርባ አንዲት ጠባብ መተላለፊያ አለች። የቆሻሻ ገንዳዎች፣ የሽንኩርት ጆንያ፣ እንፋሎት የሚወጣበት ፍሳሽ። የከፋይ ወንበሮቹ በአንድ ግድግዳ ርቀት ላይ መሆናቸውን ማንም አያምንም። ጥቂት እንደቆምኩ በሩ በእግር ተገፍቶ ተከፈተና ልጅዎ ባልዲ ይዞ ወጣ። ከስቷል። ሲስቅ ጥርሱ ይታያል።

«ሚዛኑ! አንተ የጠፋህ ልጅ!»

«የጠፋኸውስ አንተ።»

«እኔማ እዚሁ ነኝ፤ በምድጃና በግድግዳ መሐል። አስተናጋጁ የለም አለህ እንዴ? እውነቱን ነው፣ የለሁም። የሽማግሌውን ስም አውርሰውኝ በእሱ ነው የሚጠሩኝ። ፊቴ ብቻ ከፎቶው ጋር አልገጥም ብሎ ወደ ሳሎን እንዳልወጣ ተከልክያለሁ።»

ባልዲውን ገልብጦ ተቀመጠበትና ስለ እርስዎ፣ ስለ ጆሮዎ፣ ስለ ሰፈሩ ጠየቀኝ። ትኩሳቱ ለቀቀህ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ «እኔን ከለቀቀኝ ቆየ፤ እማዬ ናት ይዛ ያስቀረችው» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ሳቃችን ሳያልቅ ከበሩ ውስጥ የሚያርር ሽንኩርት ሸተተኝ። እሱ ወደ በሩ ከእኔ ይልቅ ይቀርብ ነበር፤ ወሬውን ቀጠለ። እንዳልነግረው አንድ ነገር ያዘኝ፤ ማየት ፈልጌ ነበር። ሳህን አጣቢው ከውስጥ «ኧረ ምጣዱ!» ብሎ ሲጮህ ነው ብድግ ብሎ የሮጠው።

ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ ላይ ላብ ነበር። «ጉንፋን ይዞኝ» አለኝ፣ ምንም ሳልጠይቀው።

ከዚያ ባልዲው ላይ ተመልሶ ተቀመጠና «አንድ ነገር ላስቸግርህ፣ ግን እንዳትስቅብኝ» አለ። «ትንሽዬ ሚዛን ትፈልግልኛለህ? ለጨው፣ ለቅመም።»

«ሽማግሌው በእጃቸው አልነበር እንዴ የሚሰፍሩት?»

«የሽማግሌው እጅ ከሽማግሌው ጋር ሄዷል ወንድሜ። ቆይ እስቲ፣ እሱን ተወውና፣ አንድ ምቀኛ ደንበኛ ምን እንዳደረገኝ ልንገርህ…»

ነገረኝ። ሲጨርስ፣ «ባገኘው በጭልፋ ነበር የምለው» አለ። ያ ሰው እኔ ነኝ ልለው አፌን ከፈትኩ፤ ከአፌ የወጣው ግን የመመለሻ ባቡሬ ሊደርስ ነው የሚል ነበር። ይህን ለእርስዎ ካልጻፍኩ ለማንም አልጽፈውም።

በሳምንቱ ከምሠራበት ላብራቶሪ ደረጃ ጋር የሚስተካከል ትንሽ ሚዛን ገዝቼ፣ በራሴ እጅ በመመዘኛ ድንጋይ አረጋግጬ ላክሁለት። ጨዉን ይመዝንለታል። ከዚህ በላይ ማድረግ የምችለው ነገር አልታየኝም።

አክባሪዎ፣ ሚዛኑ


ጥር 27 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

እጅህ የነካው ሁሉ ይባረክ። ሚዛኑን ስለ ላክህለት አመሰግንሃለሁ። ስለ ደንበኛው አለመናገርህንም ተረድቻለሁ፤ እኔም አልነገርኩትም። አሁን ሁለታችንም ዝም ያልን ሆነናል።

የጎረቤታችን የመምህሩ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ እናንተ ትጓዛለች፤ አንድ ትንሽ ጥቅል በእሷ እጅ ይደርስሃል። ውስጡ ሳሙና ነው፤ ያ ባለ ጽጌረዳው፣ ሮዝ ወረቀት ያለው። አፍንጮ ሕፃን ሆኖ በእሱ ነበር የማጥበው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ገና ከአጥሩ ውጭ ሆኖ «እማዬ ታጥባለች!» እያለ ነበር የሚገባው። እሱ ሲሄድ ሻንጣው ውስጥ ልከትለት ብል «ልብሴ ሁሉ አንቺን አንቺን ሲሸት አልቅሼ ልሙት?» ብሎ አውጥቶ መለሰልኝ።

ጥቅሉን አትክፈተው። እንደታሸገ በእጁ ስጠው። እኔ እንደላክሁት ብቻ ንገረው፣ ምን እንደሆነ አትንገረው። ከዚያ የሚያደርገውን እይና የሚለውን ቃል በቃል ጻፍልኝ። ማሳመርም ማሳጠርም አያስፈልግም። ይህን የምጠይቅህ እንደ አክስት ብቻ ሳይሆን እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛም ጭምር ነው።

ሌላ ጊዜ ስለ ራስህም ጻፍልኝ። ስለ አንተ ሳልጠይቅ ይህን ሁሉ ደብዳቤ መጨረሴ ያሳፍረኛል።

አክስትህ


መጋቢት 14 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

በምን ቃል ሰላም ልበልዎ? ጤናዎን ብቻ ይስጥልኝ። የሆነውን በሆነበት ቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

ጥቅሉ እንደ ታሸገ ደርሶኝ፣ ባለፈው ቅዳሜ ይዤው ሄድኩ። ጓሮው ተቆልፎ ስለነበር በፊት ለፊት ገባሁ፤ ሥራ እስኪያልቅ ተቀምጬ ልጠብቀው አሰብኩ። ያንኑ ምስርና በክሬም የተሠራ ዶሮ አዘዝኩ። ምስሩን ስቀምስ ልቤ ሐሴት አደረገ፤ ጨዉ ልክ ነበር። ሚዛኗ ሠርታለች ብዬ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። ከዚያ ዶሮውን ቀመስኩ። ክሬሙ ተበላሽቶ ነበር። በጥቂቱ አይደለም፤ ማንኪያው ወደ አፍ ሳይደርስ ይታወቃል። ሚዛን የተበላሸውን ካልተበላሸው አይለይም፤ ሁለቱም እኩል ይመዝናሉ። ይህን ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ።

ጨርሼ በላሁት። ሳህኑን በዳቦ ጠራረግሁ። ወደ ወጥ ቤት የሚመለሰው ሳህን ባዶ ሆኖ ቢያየው ደስ ይለዋል ብዬ ነው። ግን ከእኔ ወዲያ ስድስት ሆነው የተቀመጡ እንግዶች ነበሩ፤ ልደት የሚያከብሩ። ከእነሱ አንደኛው የቀመሰውን በናፕኪን ተፍቶ ባለቤቱን ጠራው። «ይሄ ምንድን ነው? ልትመርዙን ነው?» አለ። ሌላው «በዚህ ዋጋ እኮ መርዙም ደህና መሆን ነበረበት» አለና አሳቃቸው።

ባለቤቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ልጅዎን በክንዱ ይዞ አወጣው። ወደ ሳሎን ሲወጣ ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ፎቶው ሥር አቆመውና «ቅመሰው» አለው። ሰው ሁሉ ማንኪያውን አስቀምጦ ያይ ነበር። ልጅዎ ቀመሰ፤ እንደ ባለሙያ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በዝግታ። ከዚያ በሙሉ ልብ «ምንም አልሆነም» አለ።

ማንም አልሳቀም። ዓይኑን ሲገልጥ የሰዉን ፊት አየ፤ የሆነ ነገር እንደተሳሳተ ገባው፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባውም። ዙሪያውን ሲቃኝ እኔን አየኝ። ሳህኔን አየ። «ይኸው እሱ ጨርሶታል» አለ፣ «እሱን ጠይቁት።»

ባለቤቱ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ያ የሚዛን ሰውዬ አይደለህም? ጨዉን የነገርከኝ?»

ልጅዎ አየኝ። ያን አስተያየት አልገልጽልዎትም።

«ዶሮው እንዴት ነው?» አለ ባለቤቱ።

«በጣም ጥሩ ነው» አልኩ።

በሕይወቴ የሰጠሁት የመጀመሪያው የሐሰት ምስክርነት ነው፤ ለማንም አልጠቀመም። ባለቤቱ ራሱን ነቀነቀና ልጅዎን ወደ ውስጥ መለሰው።

ከዚያ በጓሮ ጠበቅሁት። ሲወጣ ሽርጡ ሌላ ነበር፤ የሳህን አጣቢው የፕላስቲክ ሽርጥ። «ወደ ተነሳሁበት ተመለስኩ» አለኝ። ግድግዳውን ተደግፎ ቆመና፣

«አንተ ነበርክ?» አለ።

«እኔ ነበርኩ።»

«ጨው አልነበረውም?»

«አልነበረውም።»

«በሁለተኛው ቀንስ?»

«በዝቶ ነበር።»

«እሺ» አለ። ከዚህ ሌላ አልተነጋገርንበትም። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ጥቅሉን ሰጠሁት፤ «ከእማዬ ነው» አልኩት እንጂ ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ማሸጊያውን በጥርሱ ቀደደው። ሮዝ ወረቀቱን ሲያይ ቆመ። ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ረጅም ጊዜ ያዘው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ያለውንም ቃል በቃል እነሆ፤ «እማዬ! ያቺው ጽጌረዳ። ምንም አልተለወጠችም፤ ያቺው ራሷ።» ከዚያ በኪሱ ከተታትና ወደ ሳህኖቹ ገባ።

አክስቴ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲያስተውሉልኝ እፈልጋለሁ። መተላለፊያው በገንዳዎቹ ጠረን የታፈነ ስለነበር እኔ አጠገቡ ቆሜ አንዳች የሳሙና ሽታ ሊለይልኝ አልቻለም። እሱ ግን ለየው። ስለዚህ የፈራነው ነገር የፈራነውን ያህል ላይሆን ይችላል። ምላሱ ደክሞ ይሆናል፤ አፍንጫው ግን አለ ማለት ነው። ሐኪም ቢያየው ተስፋ ይኖረዋል ብዬ፣ በሚገባኝ ጥንቃቄ ሁሉ፣ ለማመን እደፍራለሁ። ከዚያ ቀን ሁሉ ይዤልዎት የመጣሁት አንድ መልካም ነገር ይህ ነው።

አክባሪዎ፣ ሚዛኑ


ሚያዝያ 17 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ከክፉ ሁሉ የተሸሸግህ ሁን። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሰንብቷል። መልስ ያዘገየሁት ምን ብዬ እንደምጽፍልህ ስለጠፋኝ ነው።

ያ ሳሙና መሠራት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። ፋብሪካው ተዘግቷል። በሰፈሩ ሱቅ ሁሉ ፈልጌ አጥቻለሁ። ወረቀቱ ግን አንድ በመሳቢያዬ ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ ለትዝታ ያስቀመጥኩት። አውጥቼ ሳምንት ሙሉ መስኮት ላይ አናፈስኩት፣ ምንም እስከማይሸት ድረስ። ከዚያ ከፋርማሲ አንድ ነጭ ሳሙና ገዛሁ፤ ሽቶ ለማይስማማቸው ሕመምተኞች የሚሸጠውን። ፋርማሲስቷ «ምንም ሽታ የለውም እኮ እማማ፣ ይሁን?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። ይሁን አልኳት። በሮዙ ወረቀት ጠቅልዬ፣ ጠርዙን በሙጫ አጣብቄ ላክሁልህ።

ክፉ ሴት አትበለኝ። «ምነው እማዬ፣ ይሄ እሷ አይደለችም» እንዲለኝ ነበር የፈለግሁት። ሊሰድበኝ፣ «አርጅተሽ ሳሙና አትለዪም ወይ» ብሎ ሊስቅብኝ ይችል ነበር። በየቀኑ የፖስታ ሳጥኑን ስከፍት ያንን ስድብ ስጠብቅ ነበር።

አንተን አስቀድሜ ያልነገርኩህ ፊትህ እንዳያሳብቅ ብዬ ነው። ተስፋ ያደረግኸውን ሳነብ ግን ደብዳቤህን አጥፌ መሳቢያው ውስጥ ከተትኩት። አንተ ያየኸውን በትክክል ነው የጻፍከው። ስህተት የለብህም። መለኪያውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ሐኪም ብለሃል። ባለፈው ዓመት ሐኪም ዘንድ እንደሄደ ጽፎልኝ ነበር፤ ለምን እንደሄደ አልጻፈም፣ ምን እንዳሉትም አልጻፈም። አሁን ያን ደብዳቤ ሳወጣው የመጨረሻው ባለ አራት ገጽ ደብዳቤ ሆኖ አገኘሁት። ስለ ሐኪሙ ክፍል ቀለም፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ሰዓቱ ሁሉ ጽፏል፤ ሽታውን ብቻ ዘሎታል።

ና ብዬ እንዳልጠራው፣ መጥቶ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ቤቱ ምንም ሳይሸተው ሲቀር በዓይኔ ማየት እፈራለሁ። እዚያው ሁን እንዳልለው ሳህን ሲያጥብ ይታየኛል። የምመክርህ ነገር የለኝም። የምለምንህ ግን አለኝ።

አትንገረው። ወረቀቱን አይቶ፣ ምንም ሳይሸተው፣ እናቴ ደስ ይበላት ብሎ ያለውን ቃል ባለበት ተውለት። ሲጠይቅህ «ሳሙናዋን ስላወቅሃት እልል አለች» በለው፤ ውሸት እንደሚከብድህ አውቃለሁ፣ ይህቺን ግን ቻልልኝ። አልፎ አልፎ ወደዚያች መተላለፊያ ብቅ በል። ሽንኩርት ሲያር ከሸተተህ፣ እባክህ፣ ቶሎ ንገረው።

ሳሙናዋንም በኪሱ ይዞ እንዳይዞር ምከረው። ይታጠብባት። እጁ በሳህን ውሃ ሲቆስል ይታየኛልና፣ ፋርማሲስቷ ለቆዳ ለስላሳ ነች ብላኛለች።

አክስትህ